በሰውና በብራና የታነጸ ደብር፤ የሐይቁ መምህር የአባ ኢየሱስ ሞዓ ታሪክ

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1248 ዓ. ም. በሁለት እጅግ በተራራቁ አገሮች ሁለት ሥራዎች ተጀመሩ። አንደኛው በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በኰሎኝ ከተማ ነው። በኦገስት 15 ቀን ሊቀ ጳጳሱ ኮንራድ በተገኙበት ለታላቁ ካቴድራል የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሁለተኛው በአገራችን በወሎ፣ በአምባሰል አጠገብ በሐይቅ ደሴት ላይ ነው። አንድ መነኵሴ ከሰሜን ተጕዘው መጡና በጥንቱ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው ማስተማር ጀመሩ።

የኰሎኙ ሥራ የተጀመረው በብዙ ገንዘብና በብዙ ጠራቢ ነበር። የሐይቁን ጅምር ግን በጊዜው ከአካባቢው ሰው በቀር ያስተዋለው አልነበረም። ዳሩ ግን በሁለቱም ሥራዎች ፊት አንድ ጥያቄ ቆሞ ነበር፤ ይኸውም ሥራው ከሠራተኛው ዕድሜ የሚረዝም ሲሆን፣ ጀማሪው ካለፈ በኋላ ማን ይቀጥለዋል፣ በምንስ ዕውቀት ይቀጥለዋል የሚለው ነው። ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለዚህ ጥያቄ በዕድሜያቸው ሙሉ መልስ የሰጡ አባት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ልደታቸውና የተወለዱበት ዘመን

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ1214 ገደማ ዳህና በተባለው አገር ነው። ዘመኑ የዛጕዌ ነገሥታት ዘመን ሲሆን፣ በላስታ ዙፋን ላይ የነበረው ስመ ጥሩው ንጉሥ ላሊበላ ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ ዓለምን ባየበት ጊዜ፣ ከዳህና ብዙ በማይርቀው በሮሐ፣ በዓለም ላይ አምሳያ የሌለው የሕንፃ ሥራ ስሙ እየገነነ ነበር ማለት ነው።

የሮሐ ጠራቢዎች ሕንፃ የሚሠሩት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረቡ አልነበረም። መጀመሪያ በአለቱ ዙሪያ ጥልቅ ጕድጓድ ይቈፍሩና በመካከሉ አንድ ወጥ ድንጋይ ያስቀራሉ፤ ከዚያም ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች እየጠረቡ መስኮቱን፣ በሩን፣ ዓምዱንና ቅስቱን ያወጣሉ። በዚህ ዓይነት ሥራ የተሳሳተ ምት አይመለስም፤ ያለ ቦታው የተቈረጠ ዓምድ እንደገና አይተከልም። ስለዚህም ጠራቢው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት የሕንፃውን መልክ በሙሉ በልቡ መያዝ ነበረበት። የዳህናው ልጅ ያደገው የዚህ ሥራ ወሬ በሚነገርበት አገር ነው።

በደብረ ዳሞ

ኢየሱስ ሞዓ በጕልማሳነታቸው የትውልድ አገራቸውን ትተው ወደ ትግራይ፣ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ይህ ገዳም ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ያቀኑት ነው። ዙሪያው ገደል በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ላይ የሚወጣው በጠፍር ገመድ እየተንጠለጠሉ ነው። ከአምባው ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንም ከሮሐው በሌላ ብልሃት የተሠራ ነው፤ ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየሆነ ይወጣል። ግድግዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያስሩት እንጨቶች ጫፋቸው ወጣ ብሎ ስለሚታይ ሰው የዝንጀሮ ራስ ይላቸዋል። በዚህ ዓይነቱ ግድግዳ ድንጋዩ ክብደቱን ይሸከማል፤ እንጨቱም እንዳይለያይ ያስረዋል። ይህ የአክሱም ዘመን የአሠራር ልማድ ሲሆን፣ ከላሊበላ በፊት በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ይታያል።

በደብረ ዳሞ በዚያ ጊዜ አበ ምኔት የነበሩት አባ ዮሐኒ ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ኢየሱስ ሞዓ ከእኒህ አባት ሥር ሆነው ሰባት ዓመት ያህል በጸሎትና በከባድ የጕልበት ሥራ ተፈተኑ፤ የምንኵስናንም ልብስ በዚያው ለበሱ። መጽሐፍ መጻፍንም የተማሩት በዚህ ዘመናቸው እንደ ሆነ ይነገራል። ያ ሙያ በኋላ ለሐይቅ ያደረገውን አገልግሎት ከዚህ በታች እናየዋለን።

በዚያ ዘመን የተራቀቀ ትምህርት የሚፈልግ የደቡብ ሰው ምን ያህል ይቸገር እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። የምንኵስና ሥርዐትና ጥልቅ የመጻሕፍት ትምህርት የሚገኙት በትግራይ ጥንታውያን ገዳማት ነበር። ከአማራና ከሸዋ የሚነሣ ተማሪ ብዙ ሳምንት በእግሩ ተጕዞ፣ ተራራና በረሓ አቋርጦ ካልሄደ በቀር አያገኘውም። የሚሄዱት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሄደው የሚመለሱትም ከዚያ ያነሱ ናቸው። ስለዚህም በመካከለኛው አገር ቤተ ክርስቲያን ቢኖርም መምህሩና መጽሐፉ እጅግ ጥቂት ነበር። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥራ የተጀመረው ከዚህ ጕድለት ነው።

ወደ ሐይቅ መምጣታቸው

ሐይቅ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ውኃው ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ በተራሮች መካከል የተኛ ሲሆን፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ባሻገር ስሙ በዘፈን ቅኝት ጭምር የታወቀው አምባሰል ይታያል፤ በኋላ ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረውም የግሸን አምባ በዚያው በአምባሰል ምድር ነው።

በሐይቁ ውስጥ በነበረችው ደሴት ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ በፊት ቆሞ ነበር። የአገሩ ትውፊት መጀመሪያ የተተከለው በንጉሥ ድልናዖድ ዘመን ነው ይላል። እንግዲህ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 ሲመጡ ሕንፃ አላጡም። ገድላቸው ወደዚህ ስፍራ የመራቸው መልአክ ነው ሲል ይተርካል። የታሪክ ሰዎች በበኩላቸው የስፍራውን ጠባይ ይመለከታሉ፤ ደሴቲቱ በውኃ የተከበበች ስለ ሆነች ለጸሎትና ለትምህርት ጸጥታ ነበራት፤ ደግሞም ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ከሐይቁ አይርቅም ነበር። ከዓለም የተለየ፣ ነገር ግን ከመንገድ ያልራቀ ስፍራ ማግኘት ለትምህርት ቤት ታላቅ ዕድል ነው።

በዚያም 45 ዓመት ኖሩ። የገዳሙን ሥርዐት አቆሙ፤ ከቅርብም ከሩቅም ለሚመጡ ወጣቶች ንባብን፣ ዜማን፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜ፣ ጽሕፈትንና የእጅ ሥራን የሚያገኙበት ቤት ከፈቱላቸው። ሰው ትምህርት ፍለጋ ወደ ሰሜን ብቻ ይጓዝ የነበረበት ዘመን በዚህ አበቃ።

በዚያው ዘመን የአውሮፓ ካቴድራሎች እንዴት ይሠሩ ነበር

የአባ ኢየሱስ ሞዓን ሥራ በሚገባ ለመመዘን በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ ይሠራ የነበረውን መመልከት ይጠቅማል። በፈረንሳይ አገር በ1163 ገደማ የፓሪሱ የኖትር ዳም ካቴድራል ተጀመረ። በ1194 የሻርትር ካቴድራል ተቃጥሎ እንደገና ይሠራ ጀመር፤ በ1220 የአሚየን ተከተለ። እነዚህ ሕንፃዎች ጐቲክ በሚባለው ስልት የተሠሩ ናቸው።

የጐቲክ ሕንፃ ምሥጢሩ ክብደትን ማካፈል ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሕንፃዎች የድንጋይ ጣሪያቸውን የሚሸከሙት በወፍራም ግድግዳ ስለ ነበር መስኮታቸው ጠባብ፣ ውስጣቸውም ጨለማ ነበር። የጐቲክ መሐንዲሶች ግን ቅስቱን አናቱ ላይ ሹል አደረጉት፤ ሹል ቅስት ክብደቱን ወደ ጐን ከመግፋት ይልቅ ወደ ታች ያወርደዋል። ከጣሪያውም ሥር እንደ ጐድን አጥንት የተሻገሩ የድንጋይ ዘንጎች ሠርተው ሸክሙን ወደ ዓምዶቹ ሰበሰቡት። ወደ ውጭ የሚገፋውን ኀይል ደግሞ ከሕንፃው ውጭ እንደ ክንድ ተዘርግቶ በሚደግፍ ግንብ ያዙት። በዚህም ምክንያት ግድግዳው ከሸክም ዐርፎ ቦታውን ለባለ ቀለም መስተዋት ለቀቀ። የአሚየን ጣሪያ ከወለሉ እስከ አናቱ 42 ሜትር ያህል ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነበር። ዋናው መሐንዲስ ራሱ ከድንጋይ ጠራቢነት ያደገ ሰው ነው። የእያንዳንዱን ድንጋይ ቅርጽ በእንጨት ሳንቃ ላይ ቈርጦ ለጠራቢዎች ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ሳንቃውን በድንጋዩ ላይ አስቀምጠው በልኩ ይጠርባሉ። በቍጥር የሚከፈለው ጠራቢ ድንጋዩ የእርሱ መሆኑ እንዲታወቅ ምልክቱን ይቀርጽበታል። ድንጋዩ በበሬ ጋሪ ወይም በወንዝ በጀልባ ይመጣል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ሰው ውስጡ ገብቶ በእግሩ እየረገጠ በሚያሽከረክረው ታላቅ የእንጨት መንኰራኵር ነው። ቅስት ሲሠራ መጀመሪያ ከእንጨት መደገፊያ ይቆማል፤ ድንጋዮቹ በእርሱ ላይ ተደርድረው የመካከለኛው ድንጋይ ገብቶ ኖራው ከደረቀ በኋላ እንጨቱ ይነሣል። ብርድ ሲገባ ሥራው ይቆማል፤ ያላለቀውም ግድግዳ ውርጭ እንዳያበላሸው በገለባና በፍግ ይሸፈናል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከጳጳሱና ከካህናቱ ርስት፣ ከተሳላሚዎች ስጦታና ከከተማው ነጋዴዎች ይሰበሰብ ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል፤ ሲገኝ ይቀጥላል። ስለዚህም መሠረቱን ያየው መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ ጣሪያውን አያይም ነበር። የአሚየንን ሥራ ሮቤር ደ ሉዛርሽ ጀመረ፣ ቶማ ደ ኮርሞን ተከተለ፣ ከእርሱም በኋላ ልጁ ሬኖ ቀጠለ፤ የሦስቱም ስም በ1288 በካቴድራሉ ወለል ላይ ተጻፈ። በሌላ በኩል የቦቬ ሰዎች ሁሉን ለመብለጥ ሲሉ ጣሪያቸውን እስከ 48 ሜትር አወጡት፤ በ1284 ከፊሉ ተናደ።

እንግዲህ በካቴድራሉ ሥራ ውስጥ ከድንጋዩ ሌላ ሁለት የማይታዩ ምሰሶዎች እንደነበሩ እንረዳለን። አንደኛው ዕውቀቱን ከመምህሩ የተቀበለ ደቀ መዝሙር ነው፤ ሁለተኛው የመሐንዲሱን አሳብ ከሞቱ በኋላ የሚያቈይ ሥዕልና ቅርጽ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ የተከማቸው ድንጋይ ሁሉ ክምር ሆኖ ይቀራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ ያቆሙትም እነዚህኑ ሁለት ምሰሶዎች ነው፤ ሰውንና ብራናን።

የብራናው ሥራ

ዛሬ መጽሐፍ በማተሚያ ቤት በብዛት ስለሚወጣ የጥንቱ ሰው አንድ መጽሐፍ ለማግኘት የከፈለውን ድካም ለመገመት ያስቸግራል። ብራና የሚዘጋጀው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው በውኃ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ጠጕሩ ይፋቃል፤ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል፤ ደርቆም በልክ ይቈረጣል። ከዚያ በኋላ ጸሓፊው በወስፌ ጫፍ መሥመር ያሰምርበታል። ጥቍሩ ቀለም ከጥላሸትና ከሌሎች ነገሮች ተቀምሞ ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ ቀዩ ለቅዱሳት ስሞችና ለአርእስት ይጠበቃል። ብዕሩ የመቃ ነው። መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ ይሰፋል፤ በእንጨት ገበታ ተይዞ በቆዳ ይለበጣል። ለአንድ ትልቅ ወንጌል የሚሆን ብራና ለማግኘት የአንድ ሀብታም መንጋ ቆዳ ይጠይቃል፤ ጽሕፈቱም ብዙ ወራት ይፈጃል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ይህን ሥራ የገዳማቸው ዋና ተግባር አደረጉት። ከሥራዎቹም መካከል በ1280 እና በ1281 መካከል ያስጻፉት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ዘመናቸው በትክክል ከታወቀ የኢትዮጵያ ሥዕላዊ የብራና መጻሕፍት መካከል እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት አንዱ እርሱ ነው። በውስጡ ከወንጌላውያኑና ከሌሎቹ ቅዱሳን ሥዕሎች ጋር የአባ ኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ሥዕል ይገኛል። በዚያ ዘመን የነበረ የአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር መልክ በዘመኑ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ተሥሎ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነገር ነው።

የወንጌሉ ጥቅም በዚህ ብቻ አያበቃም። በኅዳጉና በባዶ ገጾቹ ላይ የገዳሙ ንብረትና የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ የተሰጡትም ስጦታዎች ተጽፈውበታል። ወንጌል የማይጠፋና የማይሰረዝ ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ የጥንት አባቶቻችን የርስትን፣ የስጦታንና የውልን ነገር በእርሱ ላይ ይመዘግቡ ነበር። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ የጸሎት መጽሐፍም፣ የንብረት መዝገብም፣ የታሪክ ማኅደርም ሆኖ አገለገለ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚይዝ ወጣት ሁሉ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው፤ ዛሬ ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን በእርግጥ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በጥንቃቄ ከተጻፈ መዝገብ ነውና።

ደቀ መዛሙርታቸው

ከሐይቅ ተማሪዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው መምህር ፍለጋ ሲጓዙ ወደ ሐይቅ ደረሱና በአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥር ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ያህል ተማሩ። ከዚያም ወደ ደብረ ዳሞ፣ መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ አባ ዮሐኒ ዘንድ ሄዱ። ከሰሜን ሲመለሱ እንደገና ሐይቅን ተሳልመው ወደ ሸዋ ወረዱ፤ በዚያም በ1284 ገደማ ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህ ገዳም በ1445 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ደብረ ሊባኖስ ተባለ።

በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ሁሉ የላቀውን ሲያገኝ ከእጁ ሊያወጣው አይወድም። እንዲህ ያለው ተማሪ በገዳሙ ቢቀር ለገዳሙ ክብር፣ ለመምህሩም ምርኵዝ በሆነ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ ግን የተሻለ ዕውቀት ይገኝበታል ወደ ተባለው ስፍራ እንዲሄዱ፣ ከዚያም መምህር ወደ ሌለበት አገር እንዲወርዱ አሰናበቱ። የደብረ ሊባኖስ ስም በኋላ ዘመን ከሐይቅ ስም በልጦ እንደ ተሰማ የታወቀ ነው። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ሲበልጥ የማይከፋ መምህር ማግኘት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት በአገር ላይ የሚስፋፋው በሌላ መንገድ አይደለም።

ወደ ምዕራብም ብንመለከት፣ በጣና ሐይቅ ውስጥ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር እንደነበሩ ይተረካል። የሁለቱ ገዳማት ታቦት በአንድ ቅዱስ ስም መጠራቱ፣ ሁለቱም በውኃ በተከበበ ደሴት ላይ መመሥረታቸው የትውፊቱን ትዝታ ያጠነክረዋል። እንዲህ እያለ የሐይቅ ትምህርት በደቀ መዛሙርቱ እግር ወደ ሸዋም ወደ ጣናም ሄደ።

የመንግሥት ለውጥና የዐቃቤ ሰዓት ማዕረግ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ ሳሉ በአገሪቱ ታላቅ የመንግሥት ለውጥ ሆነ። በ1270 የዛጕዌ ዘመን አልፎ ዐፄ ይኵኖ አምላክ ነገሡ። ትውፊት እንደሚለው፣ ይኵኖ አምላክ ገና ሳይነግሡ በሐይቅ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተምረዋል፤ ከነገሡም በኋላ ስለ ውለታው የዐቃቤ ሰዓትነትን ማዕረግ ለሐይቅ አበ ምኔት ሰጥተዋል። የቃል ኪዳኑ ዝርዝር የተጻፈው ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን ቆይቶ በመሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች በጥንቃቄ ይመለከቱታል። የማይታበለው ግን የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በነገሥታቱ አደባባይ ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖ መኖሩ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበሩት ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ኢየሱስ ለንጉሡ እጅግ ቅርብ ከሆኑት ሰዎች አንዱ እንደነበሩ ዜና መዋዕሉ ያስረዳል።

ሹመቱ ለገዳሙ ርስትና ክብር አመጣ። ይሁን እንጂ ከአደባባይ የተገኘ ክብር ከአደባባዩ ጋር ይለዋወጣል። ዐቃቤ ሰዓት የሚለው ማዕረግ ዛሬ በታሪክ መጽሐፍ የሚነበብ ስም ሆኖ ቀርቷል። ከመንግሥት ለውጥ በፊት 22 ዓመት ቀደም ብሎ በጸጥታ የተጀመረው ትምህርት ግን ከማዕረጉ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ዕረፍታቸውና ከዚያ በኋላ የሆነው

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1293 በኅዳር 26 ቀን ዐረፉ። በሐይቅም ተቀበሩ፤ መታሰቢያቸው በየዓመቱ በዚያው ቀን ይከበራል።

ከእሳቸው በኋላ ሐይቅ አልተዘጋም። ብዙ ድርሰት የደረሱት ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የሐይቅ ተማሪ ነበሩ፤ እኒህ ሊቅ የኖሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ካረፉ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ሐይቁን አይቶ፣ በደሴቲቱ ላይ ስላለው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ ስለ ሎሚና ብርቱካን ተክሉ፣ መነኰሳቱም ወደ ደሴቲቱ ስለሚሻገሩበት የደንገል ታንኳ ጽፏል።

ዳሩ ግን በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ወደ ሐይቅ ደረሰ፤ ለብዙ ዘመን የተከማቸውም የገዳሙ ሀብት ተወሰደ። ወርቁና ግምጃው ሄደ፤ የ1281ዱ ወንጌል ግን ተረፈ። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ እርሱም ተነሥቶ ሊቃውንት እንዲያጠኑት ሆነ። የሐይቅ ውኃ በመሸሹ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተገናኝታለች፤ ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል። ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም የማትገባበት የጥንት ሥርዐት ግን እንደ ጸና ነው።

ስለ ኰሎኝስ ምን ሆነ? የካቴድራሉ መቅደስ በ1322 ተባረከ፤ የቀረው ሥራ በገንዘብ እጥረትና በዘመኑ ለውጥ ምክንያት በ16ኛው መቶ ዓመት ቆመ። ድንጋይ ይጐተትበት የነበረው የእንጨት ማንሻ ባላለቀው ግንብ አናት ላይ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል እንደ ተገተረ ቀረ። የጀመሩት ጠራቢዎች ዘር አልፏል፤ ግንቡ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በ1814 ግን በዳርምሽታት ከተማ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር አንድ ታላቅ ብራና ተገኘ፤ ባቄላ ማስጫ ሆኖ ነበር ይባላል። ሁለተኛው ክፍል ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ ተገኘ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ከአራት ሜትር የሚበልጥ የካቴድራሉ ፊት ሥዕል ሆኑ። ሊቃውንት ይህ ሥዕል በ1280 ገደማ፣ የሐይቁ ወንጌል በተጻፈበት ዘመን አካባቢ፣ እንደ ተሣለ ይገምታሉ። በ1842 ሥራው እንደገና ተጀመረ፤ በዚያ ብራና እየተመሩ ሁለቱን ግንቦች እስከ 157 ሜትር አወጧቸውና በ1880 ፈጸሙ። ከመሠረቱ እስከ ፍጻሜው 632 ዓመት መሆኑ ነው።

አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። የኰሎኝ ድንጋይ ለብዙ መቶ ዓመት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፣ ሥራውን ያስቀጠለው አሮጌ ብራና ነው። የሐይቅም ሀብት ሲዘረፍ የመሥራቹን መልክና የገዳሙን መዝገብ ያቈየልን አሮጌ ብራና ነው። ሕንፃው በሁለቱም አገር የተሠራው በሰው እጅ ነው፤ ከእጁ በላይ ዕድሜ ያገኘው ግን ያስተማረውና የጻፈው ነው።

ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ታሪክ የምትወስዱት ትምህርት ሩቅ አይደለም። የያዛችሁት ወንበር ቀድሞም ሰው ነበረበት፤ ነገም ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። የምታውቁትን ከጐናችሁ ላለው ካላሳወቃችሁ፣ የሠራችሁትንም በመዝገብ ካላኖራችሁ፣ ተተኪያችሁ ባላለቀው ግንብ ላይ እንደ ቀረው የኰሎኝ ማንሻ ሥራችሁን እያየ ይቆማል እንጂ አያንቀሳቅሰውም። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከተማሪዎቻቸው የበለጠውን አሰናብተው፣ ያላቸውን ቈጥረው በወንጌል ላይ አስጽፈው፣ ዐርባ አምስት ዓመት በአንድ ስፍራ ጸንተው ኖሩ። ሰባት መቶ ዓመት ካለፈም በኋላ በአምባሰል አጠገብ ያለው ደብራቸው ቆሞ ይታያል።